ፊልተሩን ከማብራታችሁ በፊት

ፒኮአሚተር፣ ማለትም በጣም ጥቃቅን ከረንት የሚለካ መሳሪያ፣ አብርታችሁ፣ ምንም ሳትሰኩበት፣ ዝም ብላችሁ ስክሪኑን አይታችሁት ታውቃላችሁ? ቁጥሩ አይቆምም። የመጨረሻዎቹ ዲጂቶች ወዲያ ወዲህ ይላሉ፣ አንዴ ፖዘቲቭ አንዴ ኔጋቲቭ ይሆናል፣ እጃችሁን ወደ ኢንፑቱ ስታስጠጉ ይዘላል፣ ወንበራችሁን ገፋ ስታደርጉ ደሞ እንደገና ይዘላል። ምንም አልተሰካበትም እኮ! መጀመሪያ ይሄን የሚያይ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው ፊልተር (ንባቡን የሚያለሰልሰውን ነገር) ማብራት ነው፣ ከዛ ዜሮ የሚለውን ይጫናል፣ ቁጥሩ ፀጥ ይላል፣ ደስ ይለዋል፣ መለካት ይጀምራል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይሄ ቅደም ተከተል ነው። ፊልተሩ ቀድሞ ከበራ ቁጥሩ ለምን ይንቀሳቀስ እንደነበር የሚነግራችሁ ነገር አይኖርም፣ ዜሮውም ምኑን እንደቀነሰላችሁ አታውቁም። መሆን ያለበት ግልባጩ ነው ብዬ አጥብቄ ነው የማምነው፣ ለምን እንደሆነ ትንሽ ረዘም አድርጌ ላውራ።

መጠኑን ካላየነው ቀሪው ወሬ አይገባም። 1 ፒኮአምፒር የ1 አምፒር አንድ ትሪሊዮንኛ ነው፣ ይሄ ብቻውን ብዙ ስሜት አይሰጥም፣ በኤሌክትሮን ሲቆጠር ግን 1 ፒኮአምፒር በሰከንድ ወደ 6.24 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ይሆናል፣ 1 ፌምቶአምፒር ደሞ 6,240 አካባቢ። እንዲህ መቁጠር ለማስረዳት ብቻ የምንጠቀምበት ዘዴም አይደለም፣ እ.ኤ.አ. ከሜይ 20 ቀን 2019 ጀምሮ አምፒር ራሱ የሚበየነው በኤሌክትሮን ቻርጅ ነው። በሰከንድ ስድስት ሺህ ኤሌክትሮን ብዙ ሊመስል ይችላል፣ ግን አንድ ፕላስቲክ በጨርቅ ወልወል ስታደርጉት የሚንቀሳቀሰው ቻርጅ ከዚህ ጋር ጭራሽ አይወዳደርም። እዚህ ደረጃ ላይ ስትወርዱ በአካባቢያችሁ ያለው ነገር ሁሉ የከረንት ምንጭ ነው፣ መሳሪያው ደሞ የቱ የናሙናችሁ የቱ የጠረጴዛችሁ እንደሆነ አይለይላችሁም፣ የደረሰውን ደምሮ ነው የሚያሳያችሁ።

ለምሳሌ ኬብሉን እንየው። ተራ ኮአክሲያል ኬብል ስታጥፉት ውስጥ ያለው ኢንሱሌተርና ከላይ የሸፈነው ሽቦ ይፋተጋሉ፣ ሲፋተጉ ቻርጅ ይላቀቃል፣ የተላቀቀው ቻርጅ ደሞ ቀጥ ብሎ ወደ ኢንፑቱ ይሄዳል። ትራይቦኤሌክትሪክ የሚሉት ይሄንን ነው። መሞከር ቀላል ነው፣ ኬብሉን አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ተዉትና ቁጥሩን እዩት፣ ከዛ በሁለት ጣት ቀስ አድርጋችሁ ነካ አድርጉት፣ ቁጥሩ ወደ አንድ በኩል ሄዶ ቀስ እያለ ሲመለስ ታያላችሁ፣ አሁን ኬብሉን ከጠረጴዛው ጋር በቴፕ ከዳር እስከዳር አጣብቁትና በድጋሚ እዩት። ልዩነቱ ከማንኛውም ፊልተር ይበልጣል። ሎው ኖይዝ የሚባሉት ኬብሎች ኢንሱሌተሩ ላይ ግራፋይት የተቀቡትም ለዚሁ ነው፣ ግራፋይቱ ፍትጊያውን ይቀንሳል፣ የተላቀቀውንም ቻርጅ እዛው ያጣፋዋል። ቢሆንም የተሻለ ኬብል ገዝቶ እንደተንጠለጠለ ከመተው ያለውን ማጣበቅ ይቀድማል።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። ኢንሱሌተር ላይ የቀረ የጣት አሻራ ጨው አለው፣ እርጥበት ሲያገኝ እንደ ደካማ ባትሪ ይሆንና የራሱን ከረንት ያመነጫል። ቴፍሎን ጥሩ ኢንሱሌተር ነው ግን ሲጫኑት ቻርጅ ይሰጣል፣ ስለዚህ ኮኔክተር አጥብቃችሁ ካሰራችሁ በኋላ እስኪረጋጋ መጠበቅ ነው። ያልተሸፈነ ኢንፑት አጠገብ እጅ ሲያልፍ፣ ያ እጅ ቻርጅ ያለው ልብስ ለብሶ ከሆነ ደሞ፣ በመካከል ያለው ካፓሲታንስ (ቻርጅ የመያዝ አቅም) ስለሚቀያየር ከረንት ይገባል። ብርሃንም አለ፣ ሴሚኮንዳክተር ስትለኩ የክፍሉን መብራት አጥፉና ቁጥሩ ይንቀሳቀስ እንደሆነ እዩ፣ ከተንቀሳቀሰ ሳጥኑ በደንብ አልተከደነም።

እነዚህን ሁሉ የማወራው ለዜሮው ብዬ ነው። ዜሮ የሚለውን ስትጫኑ መሳሪያው ያደረገላችሁ ነገር ቢኖር በዛች ቅጽበት የነበረውን ቁጥር ያዘ፣ ከዛ በኋላ ከሚመጣው ሁሉ ላይ ይቀንሰዋል፣ በቃ። ሚዛን ላይ ባዶ ዕቃ አስቀምጦ ቁጥሩን ወደ ዜሮ እንደማምጣት ነው፣ ዕቃው አሁንም እዛው ሚዛኑ ላይ አለ። ስለዚህ ዜሮ ያደረጋችሁት ነገር የማይንቀሳቀስ ከሆነ ትክክል ነው፣ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ግን ያያችሁት ዜሮ የአንድ ቅጽበት ዜሮ ነው። የተንጠለጠለ ኬብል ላይ ዜሮ ማድረግ ማለት ኬብሉ በዛች ሰከንድ የነበረበትን ሁኔታ ለዘላለም ከዳታችሁ ላይ እየቀነሳችሁ መሄድ ማለት ነው።

ዜሮ ደሞ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም፣ ብዙ ሰው የሚደናገረውም እዚህ ላይ ነው። ኪትሌይ በሚባለው ኩባንያ ፒኮአሚተሮችና ኤሌክትሮሜትሮች (የነሱ ዘመዶች) ላይ ዜሮ ቼክ እና ዜሮ ኮሬክት የሚባሉ ሁለት ነገሮች አሉ። ዜሮ ቼክ ስታደርጉ ከውጭ የሚመጣው ሲግናል ውስጥ ላይ ወደ መሬት በኩል ይዞርና የአምፕሊፋየሩ የራሱ ኦፍሴት (ሲግናል ሳይኖርም የሚኖረው ስህተት) ብቻ ይቀራል፣ ዜሮ ኮሬክት ደሞ ያንን ኦፍሴት ይይዝና ይቀንሰዋል። ልብ በሉ፣ እዚህ ውስጥ ኬብሉ የለበትም፣ ፊክስቸሩ (ናሙናው የሚቀመጥበት መያዣ) የለበትም፣ የኢንፑቱ ባያስ ከረንትም (በኢንፑቱ ራሱ የሚፈሰው ትንሽ ከረንት) የለበትም። እነሱን የምታገኙት ሬል (REL) በሚባለው ቁልፍ ነው፣ ኬብሉንና ፊክስቸሩን እንደሚለካበት አድርጋችሁ ሰክታችሁ፣ ናሙናውን ብቻ አውጥታችሁ፣ ሳጥኑን ከድናችሁ፣ የረጋውን ቁጥር መያዝ። ሦስተኛው ደሞ ናሙናው እንዳለ ሆኖ የቮልቴጅ ሶርሱን 0 ቮልት ላይ አድርጎ ማየት ነው። ሦስቱ ሦስት የተለያየ ቁጥር ይሰጣሉ፣ መካከላቸው ያለው ልዩነት ራሱ መረጃ ነው፣ የመጀመሪያውና የሁለተኛው ልዩነት የኬብላችሁንና የፊክስቸራችሁን ሁኔታ ይነግራችኋል፣ የሁለተኛውና የሦስተኛው ልዩነት ናሙናው ራሱ ምን ይዞ እንደመጣ ይነግራችኋል። እኔ ሦስቱንም ሳልጽፍ መለኪያ አልጀምርም።

ኢንፑቱ ክፍት ሆኖ የተያዘ ዜሮ ለምን አንዳንዴ እንደማይሰራ አንድ ስሌት ላሳያችሁ፣ ምክንያቱም ይሄ ነገር ብዙ ሰው ያምታታል። የአምፕሊፋየሩ ኢንፑት ላይ 100 ማይክሮቮልት ኦፍሴት ቀርቷል እንበል። ኢንፑቱ ክፍት ሲሆን ይሄ ቮልቴጅ የሚሄድበት መንገድ የለውም፣ ከረንቱ ላይ የሚያመጣው ነገር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አሁን 1 ሜጋኦም የሆነ ናሙና ሰካችሁ፣ 100 ማይክሮቮልት ለ1 ሜጋኦም ሲካፈል 100 ፒኮአምፒር ነው። ከየትም ያልመጣ 100 ፒኮአምፒር! ናሙናው 1 ጊጋኦም ቢሆን ኖሮ 0.1 ፒኮአምፒር ብቻ ይሆን ነበር። ስለዚህ ያው መሳሪያ፣ ያው ዜሮ፣ በአንዱ ናሙና ላይ ጥሩ ሆኖ በሌላው ላይ በሺህ እጥፍ ሊሳሳት ይችላል። ኖይዙም (የንባቡ ውዝዋዜ) እንደዛው ነው፣ የናሙናው ሬዚስታንስ ሲያንስ የአምፕሊፋየሩ የቮልቴጅ ኖይዝ አብሮ ይባዛል። ስፔሲፊኬሽን ወረቀት ላይ የምታነቡት ቆንጆ ቁጥር ኢንፑቱ ክፍት ሆኖና በኮፍያ ተከድኖ ለተለካ ነው፣ እናንተ ደሞ ክፍት ኢንፑት ልትለኩ አልመጣችሁም።

ከዚህ ሁሉ ግን እኔ በጣም የምጨነቅለት የሚቀጥለው ነው። ዜሮ ራሱ መለኪያ ነው። የሚወዛወዝ ቁጥር ላይ ቁልፉን ስትጫኑ የተያዘው የውዝዋዜው አንድ ነጥብ ነው፣ የላይኛው ጫፍ ሊሆን ይችላል የታችኛውም ሊሆን ይችላል። የንባቡ ውዝዋዜ ፕላስ ማይነስ 50 ፌምቶአምፒር ነው ካልን ያ ዜሮ በዛው መጠን ሊሳሳት ይችላል፣ እና ከዛ በኋላ ናሙናውን አንድ ሺህ ጊዜ ለክታችሁ አማካዩን ብትወስዱ የናሙናው ኖይዝ ይቀንሳል እንጂ የዜሮው ስህተት ከቦታው ንቅንቅ አይልም፣ ምክንያቱም ሺውም ንባብ ላይ የተቀነሰው ያው አንድ ቁጥር ነው። የሚገርመው ደሞ ሰው ናሙናው ላይ ደቂቃዎች ያጠፋና ዜሮው ላይ አንድ ሰከንድ አይቆይም። ሲግናላችሁ ከዜሮው ጋር የሚቀራረብ ከሆነ ለሁለቱም እኩል ጊዜ ስጡ፣ ዜሮውን በአንድ ጭነት ከመያዝ ይልቅ ልክ እንደ ናሙናው ዳታ ሰብስባችሁ አማካዩን ራሳችሁ ቀንሱ።

ደሞ ዜሮ ያረጃል። የጄፌት (የትራንዚስተር ዓይነት ነው) ኢንፑት ያለው አምፕሊፋየር ባያስ ከረንቱ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር ወደ እጥፍ ይጠጋል፣ ስለዚህ መሳሪያው እንደበራ የተያዘ ዜሮ ከአንድ ሰዓት በኋላ የሌላ መሳሪያ ዜሮ ማለት ነው። ሬንጅ (የመለኪያውን ክልል) ስትቀይሩም እንደዛው፣ ውስጥ ያለው ሬዚስተር ይቀየራል፣ ዜሮውም አብሮ። ለዚህ የምወደው መላ ቮልቴጁን እያገላበጡ ሦስት ጊዜ መለካት ነው፣ ፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ፣ ፖዘቲቭ፣ በእኩል የጊዜ ልዩነት። የመጀመሪያውንና የሦስተኛውን ደምሩ፣ ከድምሩ ላይ የመካከለኛውን እጥፍ ቀንሱ፣ ለ4 አካፍሉ። ቋሚው ኦፍሴት ይጠፋል፣ በቀጥታ መስመር የሚንሸራተተውም ድሪፍት ይጠፋል፣ የሚቀረው ከቮልቴጁ ጋር የተገላበጠው ክፍል ብቻ ነው። በወረቀት ሞክሩት፣ ሁለት መስመር አይሞላም፣ እኔ መጀመሪያ ሳየው ዝም ብዬ ደጋግሜ ነው የጻፍኩት፣ እንዴት እንዲህ ያለ ቀላል ነገር ያንን ሁሉ ጣጣ ያወርዳል ብዬ።

ይሄ ጉዳይ የላብራቶሪ ሰዎች ብቻ እንዳይመስላችሁ ደሞ፣ ዲሲ የሚለካ ክላምፕ ሚተር (ሽቦውን በመንጋጋው ከቦ ከረንት የሚለካ) ያለው ሰው ሁሉ በትልቁ ያየዋል። ውስጡ ያለው የሆል ሴንሰር ማግኔቲክ ፊልድ ነው የሚያየው፣ የመሬት ፊልድም፣ ከዚህ በፊት ከለካው ትልቅ ከረንት ብረቱ ውስጥ የቀረውም ይደመርበታል። ዜሮውን መንጋጋውን ዘግታችሁ፣ ሽቦው አጠገብ፣ በምትለኩበት አቅጣጫ ይዛችሁ ነው መጫን ያለባችሁ። ቦርሳ አጠገብ ቁልቁል ይዞ ዜሮ ማድረግና ከዛ ወደ ፓነል አዙሮ መለካት ሌላ ዜሮ ነው።

እሺ አሁን ወደ ፊልተር። የመጀመሪያው ፊልተር ፊልተር ተብሎ አልተጻፈም፣ የኢንቴግሬሽን ጊዜ ነው፣ መሳሪያው አንድ ንባብ ለመውሰድ የሚፈጅበት ጊዜ ማለት ነው። የመብራት መስመሩ 50 ሄርዝ ከሆነ አንዱ ዙር 20 ሚሊሰከንድ ነው፣ 60 ሄርዝ ከሆነ 16.67። ንባቡ ልክ አንድ ሙሉ ዙር ወይም የሙሉ ዙር ብዜት ከወሰደ ከመስመሩ የሚገባው ሞገድ ላዩና ታቹ ተጣፍቶ ዜሮ ይሆናል። 100 ሚሊሰከንድ የወሰደ ሰው ለ50ውም 5 ዙር ለ60ውም 6 ዙር ስለሚሆን ከሁለቱም ይገላገላል። ይሄንን ትታችሁ በዙሩ አንድ አስረኛ እየለካችሁ ከዛ መቶ ንባብ አቬሬጅ ብታደርጉ፣ ሞገዱ በተለያየ ቦታ እየተቆረጠ ስለሚገባ ቀስ እያለ የሚወጣና የሚወርድ ነገር ታያላችሁ፣ ድሪፍት ይመስላችኋል፣ ድሪፍት ግን አይደለም።

ከዛ አቬሬጅ ፊልተሩ አለ። ኖይዙ በዘፈቀደ የሚመጣ ከሆነ አማካዩ በንባቡ ብዛት ስኩዌር ሩት ልክ ይሻሻላል፣ 100 ንባብ 10 እጥፍ፣ 10,000 ንባብ 100 እጥፍ። ዋጋው ጊዜ ነው፣ እና ጊዜ ሲረዝም ድሪፍቱ ይደርሳል። አንድ ቦታ ላይ አቬሬጁን ማርዘም መጥቀሙ ያቆምና መጉዳት ይጀምራል፣ ያቺን ቦታ ለማግኘት ሰዎች የሚጠቀሙበት ስሌት ዴቪድ አላን በ1966 ለሰዓቶች መረጋጋት ያወጣው ነው፣ ለከረንትም እንዳለ ይሰራል። ናሙና ሳትሰኩ አንድ ሌሊት ሙሉ ዳታ ውሰዱና አስሉት፣ መሳሪያችሁን ከዛ ቀን በፊት አታውቁትም ነበር ብል ማጋነን አይመስለኝም።

የማይወርድ ነገርም አለ። ጆንሰንና ናይክዊስት በ1928 ያሳዩት ነው፣ ማንኛውም ሬዚስተር ሙቀት ስላለው ብቻ ኖይዝ አለው፣ 1 ጊጋኦም በክፍል ሙቀት በ1 ሄርዝ ባንድዊድዝ (መለኪያው የሚያሳልፈው የፍሪኩዌንሲ ስፋት) ወደ 4 ፌምቶአምፒር ይሰጣል፣ 1 ሜጋኦም ደሞ ወደ 130 ፌምቶአምፒር። ናሙናችሁ ሬዚስተር ነው አይደል? ስለዚህ ናሙናው ራሱ ነው የሚጮኸው፣ መሳሪያውን ብትቀይሩ ያው ነው፣ ያላችሁ ምርጫ ባንድዊድዙን ማጥበብ፣ ማለት መጠበቅ ነው። ፊልተር በትክክል ቦታው ላይ የሚውለው እንዲህ ሲሆን ነው፣ ምንጩ ታውቆ፣ ሌላ መፍትሄ እንደሌለው ታውቆ። አልፎ አልፎ ብቻ ለሚመጣ ስፓይክ (ድንገተኛ ዝላይ) ደሞ አቬሬጅ አትጠቀሙ፣ አንዷን ስፓይክ ለሁሉም ንባብ ያከፋፍልላችኋል፣ ሚዲያን ፊልተር ግን የመካከለኛውን ንባብ ስለሚወስድ ዝም ብሎ ይዘላታል።

በጣም ሊያስቱ የሚችሉት ቮልቴጅ እየጨመሩ ከረንት የሚለካባቸው ስዊፖች ናቸው። ሙቪንግ አቬሬጅ 10 ላይ አድርጋችሁ ቮልቴጁን በእርከን ብትጨምሩ ስክሪኑ ላይ የምታዩት ያለፉት አስር ነጥቦች አማካይ ነው፣ ማለትም ከረንቱ ከቮልቴጁ ኋላ ይጎተታል። ወደላይ ስትሄዱ ወደኋላ ይቀራል፣ ወደታች ስትመለሱም ወደኋላ ይቀራል፣ ሁለቱ መስመሮች አይገጥሙም፣ መካከላቸው የሚያምር ክፍተት ይፈጠራል። ሂስተሬሲስ (ሲወጣና ሲወርድ የተለያየ መንገድ መሄድ)! ሰው ይሄንን አይቶ ስለ ማቴሪያሉ ሙሉ ታሪክ ሊጽፍ ይችላል። በእያንዳንዱ እርከን ላይ እንደ አዲስ የሚጀምረውን ሪፒት የሚባለውን ፊልተር ተጠቀሙ፣ ከሱም በፊት ናሙናው ራሱ እስኪረጋ ጠብቁ። 1 ጊጋኦም ናሙና ከ100 ፒኮፋራድ ኬብል ጋር 0.1 ሰከንድ ታይም ኮንስታንት (የመረጋጊያ ፍጥነቱ መለኪያ) ሊኖረው ይችላል፣ የቀረው ስህተት ወደ አንድ ሺህኛ እስኪወርድ 7 እጥፉን ይፈልጋል፣ 0.7 ሰከንድ፣ በየነጥቡ። ክፍተቱ የእውነት መሆኑን ማየት ከፈለጋችሁ ፊልተሩን አጥፉና ድገሙት፣ ከዛ ስዊፑን በእጥፍ አዝግሙትና ድገሙት። የክፍተቱ ስፋት ከሴቲንጋችሁ ጋር አብሮ ከተቀየረ ስለ ማቴሪያሉ ገና አንድ ቃል አትጻፉ።

ኔጋቲቭ ንባቦችን አትጣሉ። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል ግን ዳታ ሲያበላሽ አይቻለሁ። ከረንቱ ዜሮ አካባቢ ከሆነ ከንባቦቹ ግማሽ ያህሉ ኔጋቲቭ መሆን አለባቸው፣ ጤናማ ዜሮ እንደዛ ነው። ሎግ ግራፍ ኔጋቲቭ ስለማይቀበል ሰው አብሶሉት ቫልዩ ይወስዳል፣ ከዛ አቬሬጅ ያደርጋል፣ እና ቁጥሩ ከስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 0.8 አካባቢ ላይ ይቆምና አልወርድም ይላል፣ ምንም ያህል ብትደጋግሙት። ኖይዝ ከረንት ሆኖ ተጻፈ ማለት ነው። አቬሬጁን በምልክቱ ውሰዱ፣ አብሶሉት ቫልዩው ግራፍ ላይ ብቻ ይሁን፣ መጨረሻ።

አንድ የተደበቀ ነገር ደሞ አለ፣ ፊልተሩ ሁሉን ለስልሶ ባቀረበበት ሰዓት ውስጥ ላይ ያለው አምፕሊፋየር በ50 ሄርዝ ተጨናንቆ ጫፉ እየተቆረጠ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ላዩና ታቹ እኩል አይጣፉም፣ አማካዩ ራሱ የተሳሳተ ይሆናል፣ ስክሪኑ ላይ ግን ፀጥ ያለ ቆንጆ ቁጥር ነው የምታዩት። መሳሪያችሁ አናሎግ አውትፑት ካለው ኦሲሎስኮፕ ሰክታችሁ አንዴ እዩት፣ ሞገዱ ጠፍጣፋ ጫፍ ካለው መፍትሄው ሺልዱን (መከለያውን) ማስተካከል ነው፣ አለበለዚያም ሬንጁን ወደላይ ማውጣት።

እኔ ፋይሌ ላይ የማስቀምጠው ያልተቀነሰውንና ያልተፈለተረውን ዳታ ነው፣ ዜሮዎቹን ለብቻቸው፣ ከፊትና ከኋላ የተወሰዱትን ከነሰዓታቸው፣ የክፍሉን ሙቀት፣ ሬንጁን፣ የኢንቴግሬሽን ጊዜውን። መቀነሱም ማለስለሱም ኮምፒውተር ላይ ይሰራል፣ ሲሳሳት ይመለሳል፣ መሳሪያው ውስጥ የተፈለተረውን ግን ማንም አይመልሰውም። እና ሁሉንም አድርጋችሁ የቀረው ቁጥር በጣም ትንሽ ከሆነ፣ የናሙናው መሆኑም ካጠራጠራችሁ፣ ቮልቴጁን ገልብጡት። ከረንቱም በዛው መጠን ምልክቱን ከቀየረ ቢያንስ ቮልቴጁ የሚያመጣው ነው፣ ቀጥሎ ናሙናውን አውጥታችሁ ያንኑ ብትደግሙት የፊክስቸሩ ሊኬጅ (በኢንሱሌተሩ በኩል የሚያመልጠው ከረንት) ስንቱ እንደሆነ ይወጣል። ምልክቱን ካልቀየረና ባለበት ከቆመ ግን ያ ቁጥር ከመጀመሪያውም የናሙናው አልነበረም፣ ወደ ኬብሉና ወደ ዜሮው ተመለሱ።